ማኪያቶዬ ላይ ተኝቼ

...ወገቤማ በቃ የኔ አይደለም እህቴ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ የፎቁን ሶሌታ ኮንክሪት ስንሞላ ነው የዋልነው። ዛሬ ደሞ ካቦው ሁለት ሰዓት ስም ይጠራል፤ ስምሽ ሲጠራ ከሌለሽ የዛን ቀን ስራ የለሽም። ስለፈራሁ በጠዋት ወጣሁና ጊዜ ተረፈኝ። እዚሁ ሀይሌ ጋርመንት ያለች ትንሽዬ ካፌ ገብቼ፣ ባለቤቷን "ሁለት ሰዓት ስም ይጠራል፣ ቶሎ በይልኝ" ብዬ ማኪያቶ አዘዝኩ። አንዴ ፉት እንዳልኩ ጠረጴዛው ላይ ድፍት!

የነቃሁት በጩኸት ነው። ስገባ ላፕቶፕ ከፍቶ ያየሁት ሰውዬ፣ "ይሄ አልጋ ቤት ነው እንዴ? ሲሚንቶውን እኮ እያራገፈብን ነው!" ይላታል። አፈርኩ። ልታስወጣኝ ነው ብዬ ዓይኔን ሳልገልጥ ቀረሁ። ምን ብትለው ጥሩ ነው? "አንተ በአንድ ቡና ግማሽ ቀን ስትቀመጥ ተነስ ብዬህ አውቃለሁ ወንድሜ? እሱ ትንሽ ቢያንቀላፋ ምን ይጎዳሃል?" ሰውዬው ተናዶ፣ "በይ ሌላ ቡና አምጪ" አላት። "መፍጫው ይጮሃል፣ ልጁ እስኪነቃ ሻይ ጠጣ!" አለችው። ይሄ ሁሉ ለኔ እንቅልፍ እኮ ነው! ነቅቼም ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋሁ ቀረሁ፤ ቀና ብል እንባዬ ሊመጣ ነው።

ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ "ተነስ የኔ ጌታ፣ ስምህ ሳይጠራ" አለችኝ። የቀዘቀዘውን አንስታ ትኩስ ማኪያቶ አስቀምጣልኛለች። እማዬ እንኳ እንዲህ ቀስ ብላ ቀስቅሳኝ አታውቅም፤ እንዳትነግሪያት ደሞ።

ቆይ፣ ካቦው እየጠራ ነው። በይ ስልኩን ልዝጋው፣ እኔ ጋ ደረሰ። አቤት! አለሁ!