ማን እያባረረሽ ነው?

አሰልጣኝ አራፕ ቹሞ ከኬንያዋ ኤልዶሬት ከተማ ዳርቻ ወደ ኮሌጁ በሚወስደው አቀበት ላይ ተማሪያቸውን ጀላጋትን ድንገት አገኟት። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚቀሩ አርባ ተማሪዎች ነጥብ እንዲጎድልባቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ለዲኑ ይዘው መሄዳቸው ነበር። የጀላጋት ስም ከሁሉም በላይ ተጽፏል፤ ነጥቡ ከጎደለባት ዘንድሮ አትመረቅም።

ልጅቷ ግን ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ አቀበቱን በሩጫ ትወጣለች።

«አንቺ! ጉልበቴን ያመኛል ብለሽ አልነበር?»

«ደህና አደሩ አሰልጣኝ። የሚያመኝ እሮብ እሮብ ብቻ ነው።»

«ትቀልጅብኛለሽ?»

«እውነቴን ነው። እሮብ እርስዎ ሰዓት ይዘው ይቆሙና መጨረሻ የገባችውን ልጅ ስም በጩኸት ይጠራሉ። አምና አራት ጊዜ የኔ ስም ተጠራ። በአምስተኛው ጉልበቴን አመመኝ።»

«እኛም እንዲሁ እየተጮኸብን ነው ያደግነው! ከዚያ ሜዳ ሁለት ሻምፒዮን አውጥቻለሁ።»

«ከስንት ተማሪ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ አሰልጣኙን ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። የዚያ አገር በሽታ ይኸው ነው፤ ሩጫ ለሻምፒዮን ብቻ የተፈጠረ ይመስላቸዋል። ሜዳሊያ የማታመጣ ልጅ መንገድ ላይ ስትሮጥ ካዩ «ማን እያባረረሽ ነው?» ብለው ይስቁባታል። ከዚያ ደግሞ ወጣቱ ሰነፈ እያሉ ያለቅሳሉ! አሳፍረው ያስቀመጡትን ሰው ለምን ተቀመጥክ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

«እሺ፣ እኔ ካልቀሰቀስኩሽ ማን ይቀሰቅስሻል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይቺ ቼሙታይ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን ትደበድባለች።»

«ካልወጣሽስ?»

«ብርድ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እሷን አስጠብቄ እንዴት ልተኛ?»

ቼሙታይ ጣልቃ ገባች። «ወሬውም እዚህ ነው ያለው፣ አሰልጣኝ። የቀረች ስንት ነገር ያመልጣታል መሰለዎት!»

«ወሬ!»

«መጀመሪያ ለወሬ ነበር» አለች ጀላጋት። «አሁን ካልወጣሁ እንቅልፉም ጥናቱም እምቢ ይለኛል። ደግሞ አባቴ በስኳር በሽታ እግሩን ሲያጣ አይቻለሁ። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ሲለው፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል እያለ ተቀመጠ። እኔ ሜዳሊያ አልፈልግም፤ በሁለት እግሬ ማርጀት ነው የምፈልገው።»

አሰልጣኙ ዲኑ ቢሮ ሲደርሱ ደብዳቤውን አላወጡም።

«ሜዳውን ጠዋት ጠዋት ክፈቱልኝ» አሉ። «ስም አይጠራም፣ ሰዓት አይያዝም። የፈለገ ይሩጥ፣ የፈለገ ይራመድ፣ ያሻው ኳስ ይጫወት።»

«ነጥብ ከሌለው ማን ይመጣል?» አሉ ዲኑ።

«ጓደኛ ያለው ይመጣል። ፈርቶ የሚሮጥ ልጅ በተመረቀ ማግስት ያቆማል። ወዶ የጀመረ ግን ሌሊት ደህና ይተኛል፣ ትምህርቱ ይገባዋል፣ ሃምሳ ሲሞላውም ለሐኪም አይገብርም።»

«የሚቀሩትስ? ዝም ልንላቸው ነው?»

«ነጥባቸው አይነካ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሜዳው ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።»

ዲኑ ቦርጫቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ለመምህራንም ይሆናል?»