የጋሽ በላይ ቃሬዛ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ሆድሽ ትንሽ ገፋ ካለ ሰፈርተኛው ሁሉ ሐኪም ነው። የኔ ደግሞ ትንሽ መግፋት አይደለም! ዘጠነኛ ወሬ ገብቶ እግሬን ካየሁት ሰንብቻለሁ፣ ቁጭ ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ስተኛ ይብሳል። ታዲያ ኮልፌ በሙሉ «መንታ ነው!» አለ፣ አማቴ ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ምን መንታ ብቻ፣ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ከኋላ ተደብቆ ነው» ይላሉ።

እና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ ነርስ ቆፍጣና ናት፣ ሆዴን መታ መታ አደረገችው፣ ቀንድ የምትመስለውን ማዳመጫዋን ደግና ጆሮዋን ለጠፈችበት፣ ታዲያ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ ልጁ አንድ ነው። የቀረው የእንሽርት ውሃ ነው፣ በዝቶብሻል» አለችኝ። «ውሃ ከሆነማ ምን ችግር አለው?» ብላት ተቆጣች። «አለው እንጂ! ልጁ እንደልቡ ይዋኛል፣ ገና ቦታውን አልያዘም። ውሃው ድንገት ግንፍል ብሎ ከፈሰሰ እትብቱ ቀድሞ ይወጣና ልጁ ይታፈናል። ሲፈስሽ የትም ሁኚ የት፣ እዚያው ጋደም በይ፣ ወገብሽን ከፍ አድርጊ፣ ተሸክመው ያምጡሽ። አንድ እርምጃ እንዳትራመጂ!» አለችኝ። ያን ቀን ፈራሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሞቶብኛል፣ ይሄንንም ካጣሁ አበቃልኝ አልኩ።

ታዲያ በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ጋሽ በላይ አረፉ። ጋሽ በላይ ማለት አውቶቡስ ውስጥ ሴት ቆማ ካዩ ወንበራቸውን የሚለቁ ሰው ናቸው፣ «ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ ለኔ መቆም ነው የሚስማማኝ» እያሉ፣ ለኔም ስንቴ ለቀውልኛል። አማቴ «እርጉዝ ለቅሶ ቤት አይሄድም!» ብለው በር ላይ ቆሙ። እኔ ግን «ለሌላው ይሁን፣ ለጋሽ በላይማ አልቀርም» ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ልክ እንደገባሁ፣ አልቃሿ ግጥሟን ስታወርድ፣ ሰው እዬዬ ሲል፣ ሿ! አለ። ሿ ነው የምላችሁ! ወዲያው የነርሷ ቃል መጣብኝና እዚያው ሰው መሃል ዝርግት አልኩ። ተንጋልዬም «አታንሱኝ! አታንሱኝ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ታዲያ ለቀስተኛው ምን ይምሰለው? ኀዘን የጣለኝ መሰለው! አንዱ «አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ» ይለኛል። አንዷ ደግሞ ለጓደኛዋ፣ «ምናቸው ናት? እኅታቸው ናት እንዴ?» «ኧረ ጎረቤት ናት።» «ጎረቤት እንዲህ ይሆናል? ተይኝ እባክሽ፣ እዚህ ውስጥ ነገር አለ!» ለካ አማቴ ተከትለውኝ መጥተዋል፣ «ምንም ነገር የለም፣ ውሃ ነው!» ብለው ጮሁባት።

አንድ ሴይቼንቶ ታክሲ ተጠራ። በዚያች ጠባብ መኪና ተንጋልዬ እንዴት ልግባ? ሆዴ ብቻውን አይገባም! ያኔ የጋሽ በላይ ሚስት እትዬ ጥሩነሽ ከሬሳው አጠገብ ተነስተው መጡ። ድንኳኑ ጥግ የእድሩ ቃሬዛ ቆሟል፣ ባላቸውን ሊወስድ። «በዚያ ውሰዷት» አሉ። የእድሩ ዳኛ ደነገጡ። «እንዴ እትዬ፣ ለሕያው ሰው ቃሬዛ? ደግሞስ የቀብሩ ሰዓት ደርሷል እኮ!» «በላይን ከእንግዲህ ምን ያስቸኩለዋል? እሷን ውሰዱ አልኩ!» አሉ።

እና አራት ጎረምሶች ተሸከሙኝ፣ ግማሹ ለቀስተኛ ከኋላ ተከተለ። ታዲያ መንገደኛው የሚያየው ምንድን ነው? ቃሬዛ፣ በነጭ ጋቢ የተሸፈነ ሰው፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች! ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ያማትባል፣ ይከተላል። አሁን አሥራ ስምንት ማዞሪያ የምትሉት ጋ ስንደርስ አንዲት የማላውቃት ሴት ጠጋ ብላ «ወይኔ ልጅት፣ በለጋነቷ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ምጥ ያዘኝና «ኧረ አለሁ!» ብዬ ብጮህ፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን ጥላ ፈረጠጠች! እኔ በምጥ መሃል ሳቅ፣ ጎረምሶቹ ሳቅ፣ ቃሬዛው ይንቀጠቀጣል፣ አማቴ «አትሳቁ፣ ትጥሏታላችሁ!» ይላሉ።

ደረስን። ነርሷ መረመረችኝ። እኔ ዓይን ዓይኗን አያለሁ። በኋላ ፈገግ አለችና «እትብቱ አልወረደም። እንኳን ሰማሽኝ» አለች። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን አጥበው ሳይጨርሱ ወለድኩ፣ ሴት ልጅ፣ አንድ! አማቴ ግን አላመኑም፣ «እስቲ ደህና አድርገሽ ፈልጊ» አሏት ነርሷን። ደጅ ያለው ለቀስተኛ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ እልል አለ።

«እና እማማ፣ ጋሽ በላይስ?»

ተቀበሩ እንጂ፣ ምን ነካሽ! ቃሬዛው ሲመለስ ወሬውም አብሮ ገባ። አልቃሿ ሰማችና ወዲያው ምን ብትል ጥሩ ነው፦

በቁሙም ለሰው ነው ቦታ የሚለቅ፣
ዛሬም ቃሬዛውን ሰጥቶ ሊጠብቅ።

እትዬ ጥሩነሽ እንባቸው እየወረደ ሳቁ፣ ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ተለቀሰ። ልጄን ክርስትና ያነሱልኝም እሳቸው ናቸው፣ ይዘዋት ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ «በላይ የለቀቀላት ልጅ» እያሉ ለሰው ሁሉ ያሳዩ ነበር። እኔም ሰው ሲሸኝ እንዲህ በእንባም በሳቅም ነው እላለሁ። ሃሃሃ፣ ያቺ ነጠላዋን ጥላ የሮጠችው ሴትዮ ብቻ እስከ ዛሬ ሞታ የተነሳች ሴት አየሁ እያለች ታወራ ይሆናል!