ብርጭቆ የሚያነሳው የውሸት ሰው

ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ላፕቶፗን ከፍታለች፤ አጠገቧ ቀኝ እጃቸው የማይታዘዝላቸው፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ይኼ የሚንቀጠቀጠው መስመር ምንድን ነው ልጄ?»

«የአንጎል ምልክት ነው አባባ። ሰው እጁን ላንቀሳቅስ ሲል አንጎሉ የሚልከው።»

«የማን አንጎል?»

«የማንም አይደለም። እኔ በኮምፒውተር የሠራሁት ነው።»

«የውሸት ነዋ!»

«አዎ። ሐሳብ አንብቦ ሰው ሠራሽ እጅ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም አለን፤ እሱን እፈትንበታለሁ።»

«እውነተኛ ሰው ጠፍቶ?»

«የእውነተኛውን ሐሳብ በምን አውቃለሁ? የዚህን ግን የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ፕሮግራሙ ሲሳሳት ወዲያው አውቃለሁ።»

«እና አሁን ምን እያሰበ ነው?»

«ብርጭቆ ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል።»

«ሳይጠጣ?»

«ሳይጠጣ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ምን አደረገሽ ይኼ ምስኪን!»

ሳቀች። «እርስዎ ቢሆኑ ምን እንዲያስብ ያደርጉት ነበር?»

«ብርጭቆስ በግራም ይነሳል። ጋቢው ከትከሻው ሲወርድ፣ ሰው ሳያግዘው ራሱ ይመልሰው።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ከትከሻቸው የወረደውን ጋቢ ላስተካክልላቸው የዘረጋሁትን እጄን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ።