የውሃ አባቱና ከሰል አጣቢዎቹ

ያገራችን ሰው መቼም ከጉድ አይወጣም! አያ ምንይሉ ቢቸና ገበያ ውለው ሲመለሱ መናኸሪያው በር ላይ ከሰርካለም ጋር ግጥም አሉ። ሰርካለም የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ሞጣ ታስተምራለች። እሳቸው ደግሞ የሰፈሩ የውሃ አባት ናቸው፤ የምንጩን ተራ የሚዳኙ፣ ቃላቸው የማይታለፍ።

«ጋሼ፣ ከምንጩ በላይ የድንጋይ ከሰል እንዲቆፈር ነገ ሊፈቅዱ ነው አሉ?»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔ ነኛ!» አለች ዶሮዋን ሸጣ ከኋላ የምትመጣው ጎረቤታቸው ወለተ ሐና። ወሬ እንደሁ እሷን አያመልጣት።

አያ ምንይሉ ተቆጡ። «ብፈቅድስ? የከሰል ኩባንያው ሰዎች ባንተአምላክን ዘበኛ አድርገን እንቀጥረዋለን ብለውኛል። ልጄ አዲስ አበባ ሲሚንቶ ሲሸከም ወገቡ ተቆረጠ። ይምጣልኝ!»

«መምጣቱንስ ማን ይጠላል፤ ግን ከሰሉን የት ነው የሚያጥቡት?» አለች ሰርካለም።

«ከምንጩ ራስ ነዋ። ውሃ ሲወርድ ይጠራል።»

ወለተ ሐና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ኧረ በሥላሴ! አምና አንዲት ነጠላ ከምንጩ በላይ ባጥብ ሰፈር ሰብስበው የቀጡኝ ማን ነበሩ? ያኔ ውሃው መጥራት አያውቅም?»

«ያንቺ... ሳሙና ነበረው» አሉ ቀስ ብለው።

«ከሰልማ ይብሳል፣ ጋሼ። እጣቢው ምንጩን ያበላሸዋል፤ ጉድጓዱ ሲጠልቅም ውሃው ወደዚያ ሊሸሽ ይችላል። ከሰሉ ሲያልቅ እነሱ ይሄዳሉ። እርስዎ የምን አባት ሆነው ሊቀሩ ነው?»

አያ ምንይሉ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው አቀኑ። ሌላውን መቅጣት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ራስን መዳኘት ነው።

በማግስቱ ሰፈሩ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ሲጠብቅ ተነሡና የኩባንያውን ሰዎች፣ «ከምንጩ በላይ ለድሃ የተከለከለ ለባለ መኪናም አይፈቀድም» አሏቸው። ሰዎቹ ለመኑ፣ አስፈራሩ። ሴቶቹ ግን ከነጀሪካናቸው መንገዱ ላይ ቁጭ አሉበት፤ መኪናው ዞሮ ሄደ።

የቀረው ስልኩ ነበር። አያ ምንይሉ እየፈሩ ደወሉ። «ባንተአምላክ፣ ሥራህን አበላሸሁብህ።»

«ኧረ አባዬ፣ ተገላገልኩ! ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚገባውን ልጅዎን ጉድጓድ ሊያስጠብቁት? ውሃው ካለማ መጥቼ ሽንኩርት እተክላለሁ።»

አያ ምንይሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሌሊቱን ሙሉ የከበዳቸው ነገር ከደረታቸው ወረደ።

ይኸው ዛሬ ምንጩ ጥርት እንዳለ ነው። የልጆቹ ሆድ ደህና ነው፤ ማሳው በበጋም ይጠጣል፤ የባንተአምላክ ሽንኩርት ሞጣ ድረስ ይወርዳል። ምንጩን የጠበቀ ሰፈር ልጆቹን መልሶ ያገኛል፣ ልብ በሉ። ወለተ ሐናማ «አገር ያዳንኩት እኔ ነኝ» እያለች ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ማን አባቱ ያስቆማታል!