የኋላ መስታወቱ ላይ የቀረው ጠርዝ

ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ ሎሬታ። ቢጠብም ተጠጋግተን እንበላለን። ከኋላዬ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ከጣሪያ ከወደቅሁ ወዲህ አንገቴ አልዞር ብሎኛል… ሰላም ያላልኩት ሰው ካለ እንዳይቀየመኝ። ጮክ ብዬ ባወራም ታገሺኝ። ጆሮዬ ነው።

የእሳት አደጋ ጣቢያው ፓንኬክ ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ አይደል? አምና እኮ ውጩ አሮ ውስጡ ሊጥ ነበር። የእሳት አደጋ ልጆች ማጥፋት እንጂ ማንደድ መች ያውቃሉ እያልን ስንስቅ ነበር። ሽሮፑን አቀብዪኝ እስቲ። ሽሮፑ የሚቀዳበት የሜፕል ዛፍ ዘንድሮ አስቸግሯል አሉ። ጥር ላይ ትንሽ ሙቀት መጣ ብለው ቸኩለው ዛፉን የበሱት ሰዎች፣ በረዶው ተመልሶ መጣና ባልዲያቸው ባዶ ቀረ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል… እንደዚያም ሆኖ አፍስሶ የሚለቅም ሰው ጨዋ ነው። አፍስሶ ለሌላው የሚያስለቅም ስንት አለ!

የሠርጉን ኬክ የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉ? እሰይ! ሰኔ ላይ ነው? ሙሽሪትን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። የቤታቸውን ጣሪያ ስከድን መሰላሉን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ «እንዳትወድቅ፣ እንዳትወድቅ» የምትለኝ እሷ ነበረች። የወደቅሁት እሷ ባልነበረችበት ቀን ነው። ደግ ልጅ ናት። እናቷን እንጂ አባቷን አልመሰለችም… ምን አልኩ? በመልክ ማለቴ ነው እንጂ!

የኛዋ ዊላ ደህና ናት። የኮሌጅ መልስ ትጠብቃለች። የልጄ ልጅ ስለሆነች አይደለም፣ ይህች ልጅ እንደ ሌሎቹ አይደለችም፤ ድንጋይ ነው የምትወደው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከየጣሪያው የወረወርኩትን የጣሪያ ድንጋይ ስባሪ ለቃቅማ መስኮቷ ላይ ደርድራዋለች። «አያቴ፣ ይኼ እኮ የባሕር ጭቃ ነበር» ትለኛለች። እኔ በመዶሻ ስቀጠቅጠው የኖርኩት ነገር ባሕር ኖሯል! ታዲያ ኮረብታው ላይ ያለው ኮሌጅ ይህንኑ የድንጋይ ትምህርት ያስተምራል። ሌላ አላማራትም። ኅዳር ላይ «በቅድሚያው አመለክታለሁ» ብላ ተነሣች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ፊርማ ያስፈራዋል። «ልጄ፣ መደበኛው ይሻልሻል፤ ለብዙዎቹ አመልክቺ፣ የሁሉም መልስ መጋቢት ላይ ይምጣ፣ ማን ምን ያህል እንደሚረዳሽ አስተያይተሽ ትመርጫለሽ። ድሃ ገበያውን ሳይዞር አይገዛም» አልኳት። ያኔ ነው የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ሚስስ ሃቨርቲ፣ ጠርታ ያስቀመጠችን።

«ሚስተር ኦርቪል» አለችኝ፣ «መደበኛው መጠናናት ነው፤ እሷም ብዙዎቹን ታያለች፣ እነሱም ብዙዎችን ያያሉ፣ ማንም አይቀየምም። ቅድሚያው ግን ቀለበት ነው። ከተቀበላችሁኝ ወደናንተ እመጣለሁ፣ ሌላውን በር ሁሉ እዘጋለሁ ብላ ትፈርማለች። እናቷም ትፈርማለች። ከዚያ እኔ እፈርማለሁ። አንዳችን ካጠፍን የሁላችንም ቃል ታጠፈ ማለት ነው።» እስኪገባኝ ድረስ ደጋግማ አስረዳችኝ፣ አንቺን ይንሳኝ! ሻይዋ ቀዘቀዘ። ታዲያ ለእኔ ለደንቆሮው የገባኝ ነገር፣ ዲግሪውን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለን ሰው እንዴት «አላስረዱኝም» ያሰኘዋል? … ማን አለ? ማንም አላለም። እንዲያው ጥያቄ ነው።

አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። በዕድሜ ቢያንሱኝም አንቱ ነው የምላቸው። አንዳንዱን ሰው አንቱ ማለት ይሻላል፣ ራቅ ያደርጋል። ቤት ነው የሚሸጡት። እዚህ ከተማ ስንት ቤት ሻጭ አለ? … አንድ ብቻ? እንግዲያው የሌላ ከተማ ሰው ናቸው በይ። በስተርጅና ሰው ማማት አልፈልግም።

ምን ዓይነት ሰው መሰሉሽ! የቃል ሰው ናቸው። እነዚያ አዲስ የተጋቡ ልጆች ትዝ ይሉሻል? ለቤት ቀብድ ሰጥተው፣ ባልየው ከሥራ ሲወጣ «እባክዎ ይመለስልን» ያሉት? «ፊርማ ፊርማ ነው» አሏቸው። ቀብዱም በዚያው ቀረ። እኔ አልፈረድኩባቸውም። በቃሉ የሚጸና ሰው ማየት እንዴት ደስ ይላል! ትውስታቸውስ ብትዪ? የከተማውን ሰው ልደት አንድ ሳይቀር ያውቃሉ። ፊታቸው የታተመበትን ካርድ በየዓመቱ ይልኩልኛል። ለባለቤቴም ይልካሉ… ከሞተች ወዲህም አላቋረጡም። ሞት እንኳ አያስረሳቸውም።

ታዲያ አምና ታኅሣሥ ላይ ወንድ ልጃቸው ኮረብታው ኮሌጅ በቅድሚያው ገባ። ደስታ ነበር! መኪናቸው የኋላ መስታወት ላይ የኮሌጁን ምልክት ለጠፉ፤ ያን ትንሹን አይደለም፣ ትልቁን። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ አረንጓዴው ቢበራም ትንሽ ይቆዩ ነበር፣ ከኋላ ያለው ሰው አንብቦ እንዲጨርስ። ለሰው ማሰብ ነው ይኼም። የሌላው ሰው ልጅ መልስ እየጠበቀ ጥፍሩን ሲበላ፣ የሳቸው ተራራ ላይ በረዶ ይንሸራተት ነበር።

የቀሩትን ማመልከቻዎች ማንሳት ነበረባቸው እንግዲህ፤ ቃሉ እንዲያ ነዋ። አነሱም። አንዷን ብቻ… ረሱ። ምን ይደረግ፣ ሰው አይደሉ? የሙት ልደት የሚያስታውስ ጭንቅላት አንዲት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ብትጠፋበት ይፈረድበታል? የተረሳችውም አልተቀየመችም፤ መጋቢት መጨረሻ ላይ «ና ልጄ» አለችው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር። ሄዶ ሌላ ጎጆ ሲገባ ግን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከሁለት ያጣ ጎመንም ይላሉ… ከሁለቱም የቀጠፈውን ምን እንደሚሉት አልነገሩንም።

ያን ሰሞን ነው ድህነት የያዛቸው። አትሳቂ እንጂ! ድህነት ቤት አይመርጥም። ለኮረብታው ኮሌጅ «እርዳታችሁ አይበቃንም፣ አቅም የለንም፣ ልቀቁን» አሏቸው። እንዴት እንዳዘንኩ ብታዪ። ያቺ ሐይቁ ላይ የምትንሳፈፈው ጀልባቸውስ ምን በልታ ታድር ይሆን እያልኩ… ቤተ ክርስቲያን ሙዳይ ላዞርላቸው ምንም አልቀረኝም። ኮሌጁ ግን አንጀቱ ጨካኝ ነው፤ «ፈርማችኋል እኮ» አላቸው። «የሚያስር መሆኑን የትምህርት ቤቱ አማካሪ መች አስረዳችን?» አሉ።

ማን ነገረኝ? ራሳቸው ናቸዋ! በበጋ ሐይቁ ዳር ሥጋ ሲጠበስ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሹካቸውን ይዘው እየሳቁ። «አላስረዱንም አልኳቸው፣ አለቀ!» ግልጽ ሰው ናቸው፤ በሆዳቸው የሚይዙት ነገር የለም። እኔ ያን ቀን ዳቦዬን ይዤ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄድኩ። ፈሪ ነኝ፣ ታውቂኝ የለ።

ሚስስ ሃቨርቲ? እሷማ ስለዚያ ልጅ ቃል አልወጣትም። የተማሪ ነገር ከቢሮዬ አይወጣም ትላለች። አፏን ዘግታ መልካም ስሟን ሰዋችላቸው።

… ምንድነው የወደቀው? ሹካ ነው? አንሡላቸው እስቲ፣ እኔ መጎንበስ አልችልም።

ብቻ፣ ያ ተማሪ የሚመለምለው የኮሌጁ ሰውዬ በየመስከረሙ መጥቶ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ይጫወት አልነበር? ዘንድሮ እዚያ ማደያው ጋ ነዳጅ ቀድቶ ወደ ጎረቤት ከተማ አለፈ። ዊላ ልብሷን አስተኩሳ ስትጠብቀው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ መልሱ መጣ። አይሆንም አላሏትም፤ «ከመደበኞቹ ጋር አድርገን እናይሻለን» አሏት። ቀለበት ይዛ ብትሄድ ወረፋ ያዢ ተባለች። በሳቸው… ማለቴ በዚያ በሌላ ከተማ ሰው የተነሣ ነው አልልም፤ ልጅቷ የጎደላት ነገር ይኖር ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ግን የዊላ ጉዳይ ነውና ሚስስ ሃቨርቲ አንድ ነገር ነግራኛለች። ከኮሌጁ ደውለው፣ «ይህቺኛዋስ ምን እንደፈረመች ታውቃለች? በርግጥ አስረድተሻታል?» ብለው ጠየቋት። ሃያ ዓመት ስትፈርም የኖረች ሴት! ስትነግረኝ መነጽሯን አውልቃ ትጠርግ ነበር። ደጋግማ ጠረገችው፣ የቆሸሸ ግን አልነበረም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። አህያው አሁን ሌላ መስክ ላይ ለምለም ሣር ይግጣል። ዳውላዋ የኔ ልጅ ናት።

እሳቸው ግን ለጋስ ሰው ናቸው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አላየሽም? በሚመጣው ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለወላጆች ምክር ይሰጣሉ፤ «ቅድሚያው ወይስ መደበኛው?» ይላል። ከሳቸው የተሻለ ማን ይገኛል? ሌላው ሰው አንዱን መንገድ ነው የሚያውቀው፤ እሳቸው ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሄደውበታል። እኔም እሄዳለሁ። ከፊት ነው የምቀመጠው። ጆሮዬ አይደል…

መኪናቸውንስ አይተሻታል? አሁን ውጭ ቆማለች። ማለቴ እሷን የምትመስል መኪና። የድሮውን ምልክት በምላጭ ፍቀው የስመ ጥሯን ለጥፈውበታል። ታዲያ ታላላቆቹ ቁጥብ ናቸው መሰለኝ፣ ምልክታቸው ትንሽ ነው። ያ ትልቁ ዙሪያውን ይታያል፤ ሙጫው አቧራ ይዞ ጥቁር ጠርዝ ሠርቷል። ስገባ ቆሜ አየሁት። እኔ በሙያዬ ጣሪያ ከዳኝ ነኝ፤ አሮጌውን በደንብ ሳያነሡ አዲሱን ከላይ የደረቡበት ጣሪያ ዝናቡን ለጊዜው ይይዛል። ለጊዜው። ከዚያ ግን የሚያፈሰው በባለቤቱ ራስ ላይ ሳይሆን ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ነው።

የዊላ መልስ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። እስካሁን ሌላ ኮሌጅ ከጠራት እንኳ ደብዳቤውን ከፍታ አላሳየችኝም፤ «ቃሌን ሰጥቻለሁ» ትላለች። ቃሏን ያልተቀበሏት ሰዎች ጋ ቃሏን ትጠብቃለች! ሞኝ ናት፣ አይደል? ማን እንዲህ አድርጎ እንዳሳደጋት እንጃ።

እኔ የማስበው ምን መሰለሽ… ነገ ሰኞ ነው። ኮሌጁም ስልክ ያነሣል። አንድ ሰው ደውሎ «ሴትዮዋ አስረድታኝ ነበር፤ ያጠፍኩት እኔ ነኝ» ቢል ምን ያህል ይፈጃል? ይቺን ፓንኬክ ከመገልበጥ ይረዝማል? ልጁም አይጎዳም፤ አባት ጥፋቱን ቢወስድ ልጅ ምን ይሆናል? ለሚስስ ሃቨርቲ ስሟ ይመለሳል። ዊላም ብትወድቅ በራሷ ትወድቃለች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቅም… ግን ማን ይደውላል? የዚያ ከተማ ሰው እንደሆነ እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳል። ልደት ቢሆን ኖሮ!

ማነው የተነሣው? ወንበር ሲንኳኳ የሰማሁ መሰለኝ። ቁጭ በሉ እንጂ፣ ገና ሁለተኛው ዙር እየተጋገረ ነው!

በይ፣ ብዙ አወራሁ። ኬኩን ስታደርሺ ለሙሽሪት ሰላምታዬን ንገሪልኝ። መሰላሌን የያዘች ልጅ ናት፣ ለሷ ክፉ አልመኝም። ምርቃቴንም አድርሺልኝ፤ የሽማግሌ ምርቃት መሬት አይወድቅም። እግዚአብሔር ትዳሯን ያጽናላት። ቤቷን ይሙላላት። ቀለበት የሚያስርላት ልጅ፣ ለአማቱ እንደ ልጅ ይሁንላቸው፤ መልኩ የፈለገውን ይምሰል፣ በቃሉ ግን አማቱን ይምሰል። ለአባቷ ደስ እንዲላቸው፣ ልክ እሳቸው ለሰው ቃል እንደገቡት አድርጎ ቃል ይግባላት፣ ልክ እሳቸው እንደጠበቁትም ይጠብቅላት።

አሜን በይ እንጂ፣ ሎሬታ! … ጮክ በይ። ከኋላዬ ያሉት ሰው ሲሉ አልሰማሁም። ጆሮዬ ነው መሰለኝ።