የቀበሌው ኮከብና የኛ ከንፈር

በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ላይ ሊፕስቲክ የሚገዛ አቅም ያለው ማን ነበር? እኛ ቀይ ወረቀት በምራቅ እያራስን ከንፈራችንን እንቀባ ነበር። ለአብዮት በዓል ቀበሌው የከተማውን ቀይ ወረቀት ሁሉ ለጌጥ ወሰደብን። የጓደኛዬ ሠርግ ደግሞ ደርሷል! ከቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ከተለጠፈው ትልቅ ቀይ የወረቀት ኮከብ አንዷን ጫፍ ቦጨቅሁና ሮጥሁ።

በማግስቱ ግን ኮከቡ አንድም ጫፍ አልቀረውም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሴቶቹን ሰብስቦ፣ «ፀረ አብዮቷን ከንፈሯ ይመሰክርባታል፤ ቀና በሉ!» ብሎ ጮኸ። ቀለሙ ታጥቦ አይለቅም፤ ከንፈሬን ውጬ ቁጭ አልሁ፣ እስር ቤቱ ታየኝ። ጎረቤታችን እትየ ጥሩወርቅ ግን፣ «እንግዲያው ከቤትህ ጀምር፣ ልጄ» አሉት።

ዘወር ሲል ሚስቱ ከኋላው ቆማለች፤ ከንፈሯ የቡሬ በርበሬ መስሏል።

«ስብሰባው አልቋል!» አለ። በደርግ ዘመን እንዲያ ያጠረ ስብሰባ አይቼ አላውቅም።