በኮሪደሩ ላይ የተጠራ ክብደት

ያዋረደችኝ አዋላጇ ናት። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ሃያ እርጉዞች በተቀመጡበት ኮሪደር «ጋሼ፣ እርስዎ ጡሩንባ ነዎት እንዴ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ በዚያ ጤና ጣቢያ ሰው መመዘን ስጀምር እሷ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር።

ሚዛኑ ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ ነው፤ ካርድ የምትጽፈው ልጅ ወዲህ ጫፍ። ስለዚህ ክብደቱን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት።

በማግስቱ መንገድ ላይ ከአዋላጇ ጋር ድንገት ተገጣጠምን።

«ሲስተር፣ ምን በደልኩሽ?»

«የወንድምዎ ሚስት ለምን እንደቀረች ያውቃሉ?»

«ስንፍና ነዋ።»

«ሰባት ወሯ ነው፤ የደም ግፊቷም መጨመር ጀምሮ ነበር። እርስዎ ‹መቶ አሥራ ሁለት!› ሲሉ አንዷ ‹ያረገዝሽው ልጅ ነው ወይስ ሰፈሩን ነው?› አለቻት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።»

«ታዲያ ቁጥሩን ልዋሽ? ካፈረች መብሏን ትቀንስ!»

«ያፈረች ሴት ትደበቃለች እንጂ አትቀንስም፣ ጋሼ። ራሷን ቢያማት፣ ዓይኗ ቢጋረድ ለማን ትናገር?»

ወንድሜ «በርሜሏ» እያለ ሲጠራት አብሬው እንደምስቅ ትዝ አለኝ።

«ምን ይደረግ ታዲያ?» አልኳት፣ ደክሞኝ።

«ባሏ የምትበላውን ይብላ፤ ማታ ማታ አብሯት በእግሩ ይንሸራሸር። ስትወልድ ደግሞ ሁሉም ሕፃኑን አይቶ ይመለሳል፤ እሷን የሚያይ የለም። ጡት ማጥባት ሲያስቸግራት የሚያግዛት፣ ልጁን ይዞ ትንሽ የሚያስተኛት ሰው ትፈልጋለች። ብቻዋን ካልሆነች ክትትሏን አታቋርጥም፤ ሕመሟም ሳይብስ ይታወቃል።»

ልክ መሆኗ ይበልጥ አናደደኝ። ስድቧን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ግን ከዚያው ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

ሚስቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። እግሯ አብጦ ጫማ እንቢ ብሏል።

«ደግሞ ሊስቁ መጡ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«የለም። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ሊጮሁብኝ?»

«ካርዱ ላይ ራሴ እጽፈዋለሁ። የሁሉንም። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ቁጥር አይጠፋኝም።»

የያዘችውን ልብስ ጨምቃ አስቀመጠች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «በጠዋት ይምጡ» አለች።

በማግስቱ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒት ተጀመረላት። ሲስተሯ «እንኳን ዛሬ መጣሽ» አለቻት እንጂ አልተቆጣቻትም። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለች ሴት ካለች መምከሩን ትተህ አብረሃት ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ያን ጠዋት የወንድሜ ሚስት ከሚዛኑ ስትወርድ ግን ከአግዳሚው አንዷ አንገቷን አስግጋ «ጋሼ፣ ዛሬ ድምፅዎ ምነው ጠፋ? ስንት ሆነች?» አለችኝ።

ካርዱን በደረቴ ይዤ፣ ሳልመልስላት አለፍኩ።